ያልተሸመነ የፖሊስተር ጨርቅ በሰነድ ጥገናና የሐዋሳ ወረቀቶች

ያልተሸመነ የፖሊስተር ጨርቅ ድርና ማግ የለውም። የቀለጠ ፖሊስተር በቀጫጭን ቀዳዳዎች ወጥቶ ክር ከሆነ በኋላ፣ ክሮቹ ያለ ሥርዓት ተነጥፈው በሙቀት እርስ በርስ እንዲያያዙ ይደረጋል። የተጎዱ ወረቀቶች፣ ብራናዎችና አሮጌ አልባሳት ሲጠገኑ ለመደገፊያና ለመለያያ ያገለግላል። በሙያው ከሚታወቁት ዓይነቶች መካከል ሆሊቴክስ በጋሉ ጥቅል ብረቶች መካከል ስለሚዳመጥ ልሙጥ ሲሆን፣ ሪሜይ ግን ሻከር ይላል።

የሚፈለገው በሚነካው ነገር ላይ ምንም ትቶ ስለማይሄድ ነው። ፖሊስተር ውኃ እምብዛም ስለማይመጥ ሲረጥብ አያብጥም፣ አይላላምም፤ ውኃውና እንፋሎቱ ግን በክሮቹ መካከል ያልፋሉ። የስንዴ ስታርች ሙጫ አጥብቆ ስለማይይዘው፣ የተጠገነው ወረቀት ከመምጠጫ ወረቀቱ ጋር እንዳይጣበቅ በመካከላቸው ይነጠፋል። እርጥብ ወረቀት የራሱን ክብደት መሸከም ስለሚሳነው ደግሞ፣ ከማጠቢያው ሣህን የሚወጣው በሁለት ቁራጭ ጨርቅ ታቅፎ ነው።

ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ የመዝገብ ቤቶቿ ጉዳይ ከብራና ይልቅ የፋብሪካ ወረቀት ጉዳይ ነው። ከእንጨት የተሠራ አሲዳማ ወረቀት እያደር ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። ማጠብ ከአሲዱ የተወሰነውን ያስወግዳል፤ ሆኖም ማኅተም የሌለበት የመሥሪያ ቤት ሰነድ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ሐምራዊው ቀለም አስቀድሞ በጠብታ ውኃ መፈተን አለበት፤ ከለቀቀ ወረቀቱ ውኃ ውስጥ አይገባም፣ ጨርቁም ቀለሙን አያድነውም። በክረምት፣ በተለይ ለሐይቁ በቀረበ ክፍል ውስጥ፣ መምጠጫ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል።

የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀውና ልብስ ስፌት በተስፋፋባት በዚህች ከተማ ተመሳሳይ መልክ ያለው ጨርቅ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በኮሌታ ውስጥ ገብቶ በካውያ የሚጣበቀው ዓይነት ሙጫ ስላለበት ለሰነድ አይሆንም። የገበያ ቦርሳ የሚሰፋበት ያልተሸመነ ጨርቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ውኃ ውስጥ ተጨምቆ አየሩ ከወጣለት በኋላም ይንሳፈፋል፣ ፖሊስተር ግን ይሰምጣል። መስመጡ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ቀለምና ማለስለሻ ኬሚካል ገብቶበት ለሰነድ የማይሆን ፖሊስተርም ይሰምጣልና።

ትክክለኛው ጨርቅም ቢሆን ደረቅ ሳለ ሲታሽ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝና ልጣጩን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ቀለሙ እየተላጠ ያለ ሥዕል ላይ መጎተት የለበትም። ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሻጋታ ያለበትን ሰነድ የነካው ግን ይወገዳል።