ትሬል ሩጫ ምንድን ነው? ዳገት ላይ መራመድ የማያሳፍርበት ሩጫ

ትሬል ሩጫ ማለት ከአስፋልት ወጥቶ በእግር መንገድ፣ በጫካ፣ በዳገትና በቁልቁለት መሮጥ ነው። አዲሱ ስሙ ነው እንጂ ነገሩማ የገጠር ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲመላለስበት የኖረ ነው። በውድድር ደረጃ ግን ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በይፋ የተቀበለው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት በቦርጭ በኩል ነው። ሐኪሙ ግፊቴን ለክቶ "ተንቀሳቀስ፣ አለበለዚያ ኪኒን ነው" አለኝ። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ስደርስ ቁና ቁና ነበር የምተነፍሰው። ጫማ ገዝቼ በባሕር ዳር ዘንባባዎች ሥር አስፋልቱን ስደበድብ፣ የባጃጅ ሾፌሮች "በርታ ኃይሌ!" እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ ስልኬ ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ ምን ያህል እንደተጎተትኩ ሲነግረኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን አመመኝና ተውኩት። እኛ አገር ሩጫ ሲባል ሜዳሊያ ነው ትዝ የሚለን። ካላሸነፍክ ምን ያሮጥሃል?

ከወራት በኋላ አንድ ጓደኛዬ ቤዛዊት ወሰደኝ፤ ዐባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከላይ የሚታይበት፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። ዳገቱ ሲጀምር ሩጫውን ትቶ መራመድ ጀመረ።

"ደከመህ እንዴ?"

"ዳገት በእርምጃ ነው የሚወጣው።"

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ነው! አውሮፓ ውስጥ በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጡት፣ በድምሩ ወደ 10 ሺህ ሜትር ዳገት የሚወጡት ሰዎች እንኳ ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ሲደርሱ ጭናቸውን በእጃቸው እየገፉ ይራመዳሉ።

ሰውነት ላይ የሚሠራው ሥራም ይለያል። አስፋልት ላይ እርምጃው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያው ጡንቻና ያው መገጣጠሚያ ነው ሺህ ጊዜ የሚመታው። እዚህ ግን አንዱ እርምጃ ሥር፣ ቀጣዩ ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃ ላይ ነው፤ ቁርጭምጭሚትና ዳሌ አካባቢ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ሚዛን ለመጠበቅ ይታገላሉ። ዓይን ሦስት አራት እርምጃ ቀድሞ ማየት አለበት። ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ ከጀመርክ ትደፋለህ። እኔን የፈወሰኝ ይሄ ይመስለኛል።

ቁልቁለቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጭን የሚያስከፍለው እሱ ነው፤ በማግስቱ ደረጃ ስትወርዱ ታውቁታላችሁ። እርምጃ አሳጥሩ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ሁለት ጠዋት ዳገትና ጫካ ከሆነ ብዙውን ይሸፍነዋል።

ጣና ዳር ለሚጀምር ሰው ሁለት ነገር ልንገር። ጉማሬ ሳር የሚግጠው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ጎህ ሳይቀድና ሲመሽ ከውኃው ዳር ራቁ። ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካው ጫማን ሁለት ኪሎ ያደርገዋል። ብቻችሁን አትውጡ፣ መንገዱን ያካባቢውን ሰው ጠይቁ።

አሁን አርብ ማታ በጊዜ እተኛለሁ። ድሮ አርብ ማታ ምን እሠራ እንደነበር አትጠይቁኝ። ግፊቴ ወርዷል፤ ቦርጩ ግን አሁንም አለ፣ አልዋሽም። የተገኘው ነገር ቅዳሜን የምጠብቅበት ምክንያት ነው።

የምወደው ጣና ዳር ያለውን ዜጌን ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በቡናው ጥላ ሥር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ አለ። ገዳሙ ቅጥር ሲደረስ ግን ሩጫ የለም፣ ጫማም ይወልቃል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው አስቆሙኝ።

"ልጄ፣ ማን ነው የሚያባርርህ?"

"ማንም አባቴ፣ ለጤናዬ ነው።"

ጫማዬን አዩ፣ ላቤን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በል እንግዲህ፣ ታች ያለው ድንጋይ ሌሊት ዝናብ መቶታል። እዚያች ጋ እንኳ ተራመድ።"

ተራመድኩ።