ግሬፕ ምንድን ነው? የአጫጭር ትእዛዞች ስም ከየት መጣ?

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ኮምፒውተር ሳይንስ ጀምሯል። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ትእዛዝ ከሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ጋር ሲታገል አገኘሁት። «ካት» ብሎ ጻፈና ኢንተር መታ። ዝም። ደግሞ መታ። አሁንም ዝም።

«ጋሼ፣ ካት ድመት አይደለች እንዴ? ምነው ዘጋችኝ?»

ድመት አይደለችም። ማገጣጠም ማለት ከሆነው «ኮንካተኔት» ከሚባል ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠች ናት። ዝም ያለችውም የፋይል ስም ስላልሰጣት ነው፤ እስኪጽፍላት እየጠበቀች ነበር። «ኤልኤስ» የሊስት (ዘርዝር)፣ «ሲፒ» የኮፒ (ቅዳ)፣ «ኤምቪ» የሙቭ (አዛውር)፣ «አርኤም» የሪሙቭ (አጥፋ) ቁራጭ ናቸው። (በአርኤም አትቀልዱ። የሰረዘችውን ሪሳይክል ቢን ውስጥ አታገኙትም።)

ለምን ይህን ያህል አጠሩ? እነዚህ ትእዛዞች የመጡበት የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ዩኒክስ፣ በፈረንጆቹ 1969 አሜሪካ ቤል ላብስ በሚባል የምርምር ተቋም ውስጥ ሲጀመር፣ ፈጣሪዎቹ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የሚሠሩት በቴሌታይፕ ነበር። ስክሪን የለውም። የጻፍከውም፣ መልሱም ጥቅል ወረቀት ላይ ይታተማል። ሞዴል 33 የሚባለው በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ ነው የሚያትመው፤ 60 ፊደል ያለው አንድ መስመር 6 ሴኮንድ ይፈጃል። ቁልፎቹ ደግሞ ጣት ያደክማሉ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ሙሉ ቃል የሚጽፍ ማን አለ?

እኛም ቦታ ሲጠበን እንቆርጣለን። ደብዳቤ ላይ «ደ/ማርቆስ»፣ «ፍ/ሰላም» ብለን እዝባር ጣል እናደርጋለን። ፋይል ውስጥ ቃል ፈልጎ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ የግሬፕም ነገር ከእዝባር ጋር ነው። «ኢዲ» በሚባለው የጥንቱ የጽሑፍ ማረሚያ፣ አንድ ቃል ያለባቸውን መስመሮች ለማውጣት «ጂ»፣ እዝባር፣ የሚፈለገው፣ እዝባር፣ «ፒ» ይባል ነበር። ጂ «በፋይሉ ሁሉ» ናት፣ ፒ «አትም» ናት። መሀል የሚገባው የሚፈለገው ቃል ቅርጽ «አርኢ» (የ«ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» ቁራጭ) ይባላል። እዝባሮቹን አውጡና አያይዙት፦ ጂ-አርኢ-ፒ፣ ግሬፕ። ቶምፕሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለብቻው የቆመ ፕሮግራም አደረገው።

«ቃል» ሳይሆን «የቃል ቅርጽ» ያልኩት በምክንያት ነው። ልጁ የእህል ዋጋ የሞላበት ፋይል ነበረው። በግሬፕ «ጤፍ» ብሎ ፈለገ። «ነጭ ጤፍ» መጣ፣ «የጤፍ ዋጋ» መጣ፣ «ጤፉ ተወደደ» የሚለው ግን ቀረ። በፊደላችን ፍ እና ፉ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ዘመድነታቸውን አያውቅም። ስለዚህ ጤ ብለን፣ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ፍፉፎ ከተትንበት፦ ጤ[ፍፉፎ]። «ከነዚህ አንዱ ይሁን» ማለት ነው። ጤፉም መጣ። በ«ጸሎት» እና «ፀሎት»ም መፍትሔው ይኸው ነው።

ሁሉም ቁረጣ ግን አልሰመረም። ፋይል የሚፈጥረው የዩኒክስ ጥሪ «ክሪኤት» መጨረሻው ላይ «ኢ» ጎድሎት ነው የሚጻፈው። ቶምፕሰን ዩኒክስን እንደገና ብትሠራው ምን ትለውጣለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እሷን «ኢ» እጨምራለሁ ብሏል።