ብሊቨ፦ የአንድ የዴንማርክኛ ግሥ የዘር ሐረግ

«ብሊቨ» ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ የዴንማርክኛ ግሥ ነው። «ያይ ብሊቨር ሌየ» ሲባል «ሐኪም እሆናለሁ»፣ «ያይ ብሊቨር ዬመ» ሲባል ደግሞ «ቤት እቀራለሁ» ማለት ነው። እርባታው ብሊቨ፣ ብሌው፣ ብሌቨት ይላል። እንደ «ስክሪቨ» (ጻፈ) ውስጡን እየለወጠ ስለሚረባ ብዙ ሰው የአገር ተወላጅ ይመስለዋል፤ ግን የመጣው ከውጭ ነው።

የሩቅ ሥሩ «መጣበቅ፣ መቀባት» የሚል የኢንዶ አውሮፓ ሥር ነው፤ የግሪክኛው «ሊፖስ» (ስብ) ከዚያው ይወለዳል። የተጣበቀ ነገር ካለበት አይነሳም፤ «ቀረ» የሚለው ትርጉም ከዚህ በቀለ። ጎቲክ (ዛሬ የጠፋ የጀርመንኛ ዘመድ ቋንቋ) «ቢሊባን»፣ ጀርመንኛ «ብላይበን» ይላሉ።

ወደ ዴንማርክ ያስገባው የሰሜን ጀርመን ቆላ ቋንቋ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሉቤክና የሌሎች የሃንሳ (የሰሜን ጀርመን ነጋዴ ከተሞች ማኅበር) ከተሞች ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና የሆልሽታይን መኳንንት በዴንማርክ ከተሞች ተሰግስገው ነበር፤ ከዴንማርክ ጋር የተደረገው የ1370ው የሽትራልዙንድ የሰላም ውልም የሃንሳን ጉልበት ይበልጥ አጠነከረ። «ቤታለ» (ከፈለ) እና «ቤቫረ» (ጠበቀ) የገቡት በዚሁ በር ሲሆን «ቤ» የሚለው ባዕድ መነሻቸው ዛሬም በግልጽ ይታያል። የ«ብሊቨ» መነሻ ግን አናባቢው ገና እዚያው ቆላ ሳለ ስለወደቀ «ብ» ብቻ ቀርቶ ከሥሩ ጋር ተዋሕዷል፤ መጤነቱን የሸፈነለትም ይህ ነው። «ሆነ» የሚለውን ትርጉም ስካንዲናቪያ ውስጥ አገኘው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም በቆላው ቋንቋም ያገለግል ስለነበር ከነትርጉሙ መጣ ማለቱ ይቀላል። ተወላጁ «ሊቭ» (ሕይወት) ከዚያው ሥር በሌላ መንገድ የወረደ ስለሆነ፣ እንግዳው ቤት ውስጥ ዘመድ ቆይቶታል።

በብሊቨ የተፈናቀለው «ሆነ» ይል የነበረው ነባሩ ግሥ «ቮርደ» ነው፤ ከላቲኑ «ቬርቴሬ» (ማዞር) ጋር ይዛመዳል። አይስላንድኛ «ቬርዳ» ብሎ በክብር ጠብቆታል። በዴንማርክኛ የተረፈው «ቮርደንደ ሞር» (እናት ልትሆን ያለች) በመሳሰሉ ጥቂት አባባሎች ብቻ ነው።

ብሊቨ ተገብሮም ይሠራል። በ1241 የዩትላንድ ሕግ መግቢያ «አገር በሕግ ይገነባል» የሚለው የተጻፈው በ«ስ» ቅጥያ ነበር፤ ይህ ዛሬም አለ፣ ግን ለአንድ ጊዜ ድርጊት ብሊቨ ይመረጣል። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ደርን ብሌው ሉከት» በሩ ተዘጋ (ድርጊቱ)፣ «ደርን ኤር ሉከት» በሩ ዝግ ነው (ሁኔታው)። ስዊድንኛ የለመደ ሰው ደግሞ «ሃር ብሌቨት» ይላል፤ ዴንማርክኛ የሚቀበለው «ኤር ብሌቨት» ነው።