ሚሊያሪ ቲቢ ምንድን ነው?

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ሰውየው ያተኩሰዋል፣ ክሊኒክ ሄዶ ደም ይሰጣል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይባላል። መድኃኒቱን ይጨርሳል። ትኩሳቱ ግን አልለቅ ይላል፤ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሱሪው ይሰፋዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወር ይሞላዋል። ሳል ከሌለው ደግሞ ሳንባውን የሚጠረጥርለት አያገኝም።

ከእንዲህ ያለ ትኩሳት ጀርባ ሚሊያሪ ቲቢ ሊኖር ይችላል። የቲቢ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ በመላ ሰውነት ሲበተን ማለት ነው፤ ሳንባ፣ ጉበት፣ መቅኔ፣ አንዳንዴም የአንጎል ሽፋን ድረስ። ራጅ ላይ ሳንባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በሆኑ ነጠብጣቦች ተሞልቶ ይታያል፣ ልክ ዳጉሳ የተበተነበት ይመስላል። ስሙም የመጣው ዳጉሳን ከመሰለ ደቃቅ እህል የላቲን ስም ነው።

ችግሩ ምርመራው ማሳሳቱ ነው። ባክቴሪያው ወደ አየር ቧንቧ ስላልወጣ አክታው «ነጻ» ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው ራጅም ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ትኩሳቱ ከቀጠለ ራጁ ይደገማል ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን በዘረመሉ የሚፈልግ ምርመራ) እና የኤችአይቪ ምርመራም ያስፈልጋል፤ ኤችአይቪ ካለ በሽንት የሚሠራ የቲቢ ምርመራ አለ። የዓይን ሐኪምም የዓይንን የኋላ ክፍል አይቶ ምልክቱን ሊያገኝ ይችላል። ይህ ሁሉ ካልተሳካ ከጉበት ወይም ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሲፕሮ ነው። ለታይፎይድ ተብሎ የሚታዘዘው ይህ መድኃኒት የቲቢንም ባክቴሪያ ለጊዜው ያዳክማል። በሽተኛው ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ ቤተሰቡም ተመስገን ይላል፣ ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ በዚህ መሃል ሳምንታት ያልፋሉ። የታይፎይዱ የደም ምርመራ ደግሞ ድሮ በተያዘ ወይም በተከተበ ሰው ላይም «ፖዘቲቭ» ሊል ስለሚችል አንድ ውጤት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሚሊያሪ ቲቢ ካልታከመ ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል፤ ሕክምናው ቢያንስ 6 ወር ነው፣ አንጎል ከነካ ይረዝማል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መዘባረቅ ከመጣ ግን ሳታድሩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

እባካችሁ ትኩሳት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ካለፈው «ቲቢ ይሆን እንዴ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። እስከዚያ የተወሰደውንም መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ፓኬቱም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ።