«ፀጉሬን ውሃው ጨረሰው» ለምትሉ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሹሩባ እሠራለሁ። ፀጉሩ የሚረግፍበት ሰው ምክንያቱን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። አንዳንዱን እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር።

«የጉድጓድ ውሃው ነው»
በእኛ በአቃቂ በኩል ብዙው ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፀጉር ሊያደርቅ፣ ሊሰባብር ይችላል። ሥሩን ግን አይነቅልም። ማበጠሪያው ላይ ከቀረው አንዷን ዘለላ ወደ ብርሃን ያዟት። ጫፏ ላይ የመርፌ አናት የምታህል ነጭ ነገር ካለች ከሥሩ ወልቃለች። ከሌለች ተሰብራለች። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መውለቁ ጤነኛ ነው። ሹሩባ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ ደግሞ የሦስት ሳምንቱ አንድ ላይ ስለሚወጣ አትደንግጡ።

«ከወለድኩ ወዲህ የሰው ዓይን በላኝ»
አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን አዝላ፣ የረገፈ ፀጉሯን በፌስታል ቋጥራ መጣች። እያለቀሰች ነበር። ዓይን አይደለም እህቴ። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት አንድ ላይ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ይመለሳል። ከባድ ትኩሳትና ቀዶ ሕክምናም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንዲሁ ያደርጋሉ። ካልቆመ የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አድርጉ።

«ሹሩባ ካልጠበቀ ፀጉር አያሳድግም»
ይሄኛው የራሴ ሙያ ስለሆነ ያመኛል። ፀጉር ተሠራም አልተሠራም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሹሩባ የሚጠቅመው ከመሰባበር ስለሚያድን ነው። ሲጠብቅ ግን ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ይነቅላል። ማታ ትራስ ላይ ጭንቅላት ማሳረፍ ካቃታችሁ፣ ዳር ዳሩን ብጉር ካወጣ፣ ያኔውኑ ፍቱት። በጊዜ ከተፈታ ይበቅላል። ዓመታት ከቆየ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ስለዚህ «አጥብቂው» ስትሉኝ እምቢ እላለሁ። የሚቀጠለው ፀጉር፣ ሂዩማን ሄርም ሲጠብቅ ያው ነው።

«ቆረቆር በነጭ ሽንኩርት ይለቃል»
አይለቅም፤ የልጁን ቆዳ ያቃጥላል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። ጤና ጣቢያ ታዞ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ማበጠሪያና ኮፍያ አታጋሩ። ላሽ ግን ሌላ ነው። ቦታው ልሙጥ ይሆናል፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የገዛ ሰውነታችን የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው።

«ብትላጪው በዝቶ ይበቅላል»
ምላጭ ሥሩን አይነካም። አይበዛም።

«ሚኖክሲዲል ሞከርኩ፣ አልሠራልኝም»
ራስ ላይ የሚቀባ የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ነው። ለምን ያህል ጊዜ ተቀባሽ ስል «ሁለት ሳምንት» ይሉኛል። ለውጡ የሚታየው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ እንዲያውም ሊያረግፍ ይችላል። በዘር ለሚመጣ መመለጥ ከሆነ፣ ሲያቆሙት የበቀለው ተመልሶ ይሄዳል። እርጉዝና የምታጠባ እናት ሐኪም ሳታማክር አትጀምረው።