ያገለገሉ የኮርስ ብስክሌቶችና መለዋወጫዎቻቸው በሰሜን ሸዋ

የኮርስ ብስክሌት ለአስፋልት ውድድር የተሠራ፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ክብደቱም የቀለለ ብስክሌት ነው። እዚህ «አሮጌ ኮርስ» የሚባለው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በጃፓን የተመረተው፣ ፍሬሙ ከብረት ቱቦ የተሠራውና ማርሽ መቀየሪያ እጀታው አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬሙ የታችኛው ቱቦ ላይ የተተከለው ዓይነት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንድ በኩል ወደ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት፣ በሌላ በኩል ወደ መንዝ፣ ወደ መርሐቤቴና ወደ አንኮበር በሚዘረጋው የሰሜን ሸዋ ምድር ይህ ብስክሌት የራሱ ሱቅም ሆነ የራሱ ነጋዴ የለውም። ሲገኝ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ሲሆን፣ ሻጩም ከማንኛውም አሮጌ ሳይክል ለይቶ አያየውም። ዋጋው ሊረክስ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይሁን እንጂ በርካሽ የተገዛ ኮርስ በርካሽ መነዳት የሚችለው መለዋወጫው በአካባቢው ከሚገኘው ዕቃ ጋር የሚገጥም ከሆነ ብቻ ነው።

የብስክሌት ውድድር በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ አለው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ስፖርቱ ሥር የሰደደው በተለይ በሰሜኑ፣ ያኔ የኢትዮጵያ አካል በነበረችው በአሥመራ በኋላም በመቀሌ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የትግራይ ልጅ ነው። ሰሜን ሸዋ በአዲስ አበባና በሰሜኑ መካከል ያለ መተላለፊያ እንጂ የኮርስ ብስክሌት መናገሻ አልነበረም። በከተሞቹ ሲታይ የኖረው ከባዱ የቻይና ፊኒክስና የህንዱ ሄሮ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ለልጆች በሰዓት የሚከራየውና በየሠፈሩ የሚነዳው በአብዛኛው 26 ቁጥር ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት፣ ማውንቴን ነው። ይህ እውነታ ኮርስ ፈላጊውን በሁለት መንገድ ይነካዋል። የሚፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከማውንቴኖቹ የሚወጣው መለዋወጫ ከሚታሰበው በላይ ይጠቅመዋል።

የት ይፈለጋል?

የመጀመሪያው ቦታ የሳይክል ጠጋኙ ደጃፍ ነው። በደብረ ብርሃን ይሁን በሸዋ ሮቢት፣ ሳይክል የሚሠራ ሰው ባለቤቱ ሳይመለስበት የቀረውን፣ ለመለዋወጫ የተገዛውንና የተሰበረውን ሁሉ ከበስተኋላ ደርቦ ያስቀምጣል፤ ፈላጊው «ኮርስ አለ ወይ» ከማለት ይልቅ ክምሩን ራሱ ለማየት ፈቃድ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ኮርስ መሪውን አጥቶ የማውንቴን ቀጥ ያለ መሪ ከተገጠመለት፣ ቀለሙም በመኪና ቀለም ከተለወጠ፣ ለጠጋኙ ራሱ ቀጭን ሳይክል እንጂ ኮርስ ላይመስለው ይችላል።

ቆራሌው ሁለተኛው ነው። ከየቤቱ የሚሰበሰበው ብረት ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት በአካባቢው ማከማቻ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ብስክሌትም በኪሎ ሒሳብ ከቆርቆሮና ከድስት ጋር ይመዘናል። እዚህ ላይ ስለ ዋጋ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። የዕቃውን ማንነት የሚያውቅ ገዢ ቆራሌው በማያውቀው ነገር ተጠቅሞ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከሚጫረት ይልቅ ከብረቱ ዋጋ ከፍ አድርጎ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው፤ ሰውየውም በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥመው ሳይሰባብረው ለይቶ ያቆይለታል። በዚህ ዓይነት የተመሠረተ ትውውቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ያገለገሉ ንብረቶቻቸውን በጨረታ ሲያስወግዱ አንዳንድ ጊዜ ብስክሌት ይገባበታል። በአማራ ክልል የሚታተመው በኩር ጋዜጣና አዲስ ዘመን የጨረታ ማስታወቂያ ስለሚያወጡ መከታተሉ አይከፋም፤ ሆኖም ንብረቱ ብዙ ጊዜ በሎት ተጠቃሎ ስለሚሸጥ አንድ ፍሬም የፈለገ ሰው የወንበርና የጠረጴዛ ክምር አብሮ ለመውሰድ ሊገደድ ይችላል።

ሰፊው ገበያ ግን አዲስ አበባ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረታ ብረትና የተፈታታ ዕቃ የሚገለባበጥበት ሲሆን፣ በቴሌግራም የሚካሄደው የአሮጌ ዕቃ ሽያጭም በአብዛኛው ያተኮረው በዚያው ከተማ ነው። ከደብረ ብርሃን ያለው ርቀት 130 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሣ መኪና ፖርቶመጋላ ላይ ብስክሌት የሚጭነው በድርድር ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ተፈትቶ፣ የፍሬሙ የኋላ ሹካ እንዳይጨፈለቅ በመካከሉ እንጨት ተወጥሮ ቢጫን መልካም ነው።

ከስሙ በፊት ልኩ

ብዙ ሰው አሮጌ ኮርስ ሲያይ የሚፈልገው ስም ነው፦ ቢያንኪ፣ ሌኛኖ፣ ፔጆ፣ ራሌይ። ስሙ ግን በቀለም ይጻፋል፣ በቀለምም ይጠፋል። የፍሬሙን ጥራት የሚናገሩ፣ ቀለም የማይሸፍናቸው ምልክቶች አሉ። የኋላ ጎማ ዘንግ የሚገባበት ብረት ከላሜራ የተቆረጠ ሳይሆን ተቀጥቅጦ የተሠራ ወፍራም ከሆነና «ካምፓኞሎ» የሚለው የጣሊያን መለዋወጫ አምራች ስም ከታተመበት፣ ፍሬሙ ተራ እንዳልሆነ ያሳያል። የመቀመጫው ዘንግ ውፍረትም ይናገራል፤ ዘንጉ ላይ 27.2 (ሚሊ ሜትር) የሚል ቁጥር ከተገኘ፣ ቱቦው እንደ እንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 ወይም እንደ ጣሊያኑ ኮሎምበስ ያለ ስስና ጠንካራ ብረት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ካነሰ ቱቦው ወፍራም፣ ፍሬሙም ከባድ ነው፤ በፈረንሳዮቹ ዘንድ ግን በጥሩዎቹም ላይ 26.4 ይገኛል።

ከጥራቱ ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙ ገዢ የሚከስርበት ጉዳይ የብሎን ጥርስ ልክ ነው። የፔዳሉ ክንዶች የሚዞሩበት የመሃል ዘንግ ቤት በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። የእንግሊዙ ዲያሜትሩ 1.37 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ጽዋም (ቤቱ ውስጥ ተጠምዝዞ ዘንጉን የሚይዘው ክብ ብረት) ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው። የጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር በ24 ጥርስ ሲሆን ሁለቱም ጽዋዎች ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ፤ የቤቱም ስፋት ከእንግሊዙ 68 ሚሊ ሜትር በሁለት ይበልጣል። የድሮው የፈረንሳይ ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዝ ጽዋ በፈረንሳይ ቤት ውስጥ በግድ ከተጠመዘዘ ቤቱን ይበላዋል፤ ፍሬሙንም ያበላሻል። ዛሬም በዓለም ገበያ በቀላሉ የሚገኘው የእንግሊዙ ልክ በመሆኑ፣ ሁለት እኩል ያማሩ ፍሬሞች ፊት ለፊት ቢቀርቡ የጃፓኑን ወይም የእንግሊዙን መምረጥ ብልህነት ነው፤ የፈረንሳዩን መውሰድ የሚያዋጣው የመሃል ዘንጉ ከነጽዋው ደኅና ሆኖ ከመጣ ነው። ጥርሱ የተበላ የእንግሊዝ ቤት ካጋጠመ ደግሞ ሁልጊዜ ተስፋ አይቆረጥበትም፤ የጣሊያኑ በትንሹ ሰፋ ያለ በመሆኑ ትክክለኛ መሣሪያ ያለው ቶርኖ ቤት ወደ ጣሊያን ልክ ሊከፍተው ይችላል።

ከማውንቴን የሚገኘው ጥቅም የሚታየው ሰንሰለቱ በሚያዞረው የኋላ ጥርስ ላይ ነው። ርካሽ ማውንቴኖች ላይ የሚገኘው፣ እንዳለ ተጠምዝዞ የሚገባው የኋላ ጥርስ ከድሮው የእንግሊዝና የጃፓን ኮርስ የኋላ ጎማ እምብርት ጋር አንድ ዓይነት ልክ አለው፤ ከጣሊያኑም ጋር አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ስለዚህ ያለቀበትን ጥርስ ከየትኛውም ሳይክል ጠጋኝ በሚገኝ ከ14 እስከ 28 በሆነ ጥርስ መተካት ይቻላል። መታየት ያለበት በኋላ ሹካው መካከል ያለው ስፋት ነው፦ በአምስት ማርሽ ዘመን 120 ሚሊ ሜትር፣ በስድስትና በሰባት ማርሽ ዘመን ግን 126 ነበር። የብረት ፍሬም በጥንቃቄ ጥቂት ሊከፈት ሲችል አሉሚኒየምና ካርቦን ግን ፈጽሞ አይከፈቱም። ፔዳልም እንዲሁ ከማውንቴን ይሄዳል፤ የድሮው ፈረንሳይ ብቻ ለብቻው ነው። ሰንሰለትና የፍሬን ጎማ ይሠራሉ። የፍሬን ሽቦ ግን ራሱ የተለየ ነው፤ የኮርሱ ሽቦ ጫፍ በአንድ በኩል ሾጠጥ ያለ ሲሆን የማውንቴኑ እንደ ትንሽ በርሜል ድብልብል ነው። የመሃል ዘንግና የጎማ ብይ በኩሽኔታ ሱቅ በልኩ ሊገኝ ይችላል፤ ከግራሶ ጋር ለውጦ መግጠም አሮጌውን ብስክሌት አዲስ ያደርገዋል።

ጎማ ግን ከሁሉም ያስቸግራል። ሱቅ ገብቶ «28 ጎማ» ያለ ሰው የሚሰጠው ለፊኒክስ የሚሆነው ነው፤ የእሱ ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን 700 የሚባለው የኮርስ ቸርኬ 622 ነው። በመካከላቸው 27 ኢንች የሚባለው የድሮ ኮርስ 630 ነው። ሦስቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አንዱም በሌላው ላይ አይገባም። በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ይህን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ማንበብ የማያውቅ ገዢ ገንዘቡን ያባክናል። 27 ኢንች ቸርኬ ያለውን ብስክሌት ወደ 700 መቀየር ይቻላል፤ ፍሬኑ በ4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መድረስ ይኖርበታል። በማስቲሽ የሚለጠፍ ጎማ ያለበት ቸርኬ ከተገኘ ግን ለዚህ አገር መንገድ አልመክረውም፤ ሲቀደድ ከመነዳሪ አውጥቶ እንደመለጠፍ ቀላል አይደለም። በዚህ ሁሉ ምክንያት ደኅና ቸርኬ የሌለው ፍሬም በነጻ ቢሰጥ እንኳ ርካሽ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በተቃራኒው ፍሬሙ የተጨፈለቀ፣ ቸርኬውና ማርሽ መቀየሪያው ግን ደኅና የሆነ ብስክሌት በደስታ የሚገዛ ነው።

ፍሬሙን መመርመር

ሲባጎ ይበቃል። ከኋላው የጎማ መያዣ በአንዱ ጎን ተነሥቶ በመሪው ቱቦ ላይ ዞሮ በሌላው ጎን ሲመለስ፣ በሲባጎውና በመቀመጫው ቱቦ መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም በኩል እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ተጣሟል። ከመሪው ቱቦ ጀርባ፣ በላይኛውና በታችኛው ቱቦ ሥር ጣት ሲያልፍ ሽብሽብ ከተሰማ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። በክረምት ውጭ የዋለ ፍሬም ውኃ የሚያጠራቅመው በመሃል ዘንግ ቤት ውስጥ ነው፤ የመቀመጫውን ዘንግ አውጥቶ ፍሬሙን መገልበጥና የሚወርደውን ዝገት ማየት ያስፈልጋል። ዘንጉ አልወጣም ካለ፣ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

የተበየደ ፍሬም ሲቀርብ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። እነዚህ ስስ ቱቦዎች በፋብሪካ የተያያዙት በናስ ወይም የብር ማዕድን በያዘ መበየጃ፣ በመጠነኛ ሙቀት ነው፤ ለመስኮትና ለበር በሚሠራው የኤሌክትሪክ ብየዳ የተነካ ስስ ቱቦ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። መጠገን ካለበት በጋዝ፣ በናስ የሚሠራ ባለሙያ ይፈለግ።

የአገሩ ዳገትና ቁልቁለት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ይገኛሉ። የድሮ ኮርስ ማርሽ ለዚህ አልተሠራም፤ ከፊት 52 እና 42፣ ከኋላ ትልቁ 21 ወይም 23 ጥርስ የተለመደ ነበር፤ በዚያ ማርሽ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር መውጣት ለተሠለጠነ ጉልበትም ፈተና ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 28 ጥርስ ዳገቱን ያቀልላል፤ ይሁን እንጂ የድሮው አጭር ማርሽ መቀየሪያ ብዙውን ጊዜ ከ26 ወይም ከ28 በላይ ስለማይሸከም ከመግዛት በፊት መሞከር ይገባል። ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ጉዳይ ነው። ብልጭልጭ የብረት ቸርኬ በዝናብ ጊዜ ፍሬን ክፉኛ ይቀንሳል፤ ጭጋግና ዝናብ በማይለየው በጣርማ በር ቁልቁለት፣ ከከባድ መኪናዎች ጋር ለሚወርድ ሰው የአሉሚኒየም ቸርኬ ቅንጦት አይደለም። ወደ መንዝ በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው በፍሬሙና በጎማው መካከል 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ክፍተት ያለውን ይምረጥ፤ የቆዩት ፍሬሞች በዚህ ከአዲሶቹ የ1980ዎቹ መጨረሻ የውድድር ፍሬሞች የተሻሉ ናቸው።

ሽያጩ

ብስክሌት እንደ መኪና ሊብሬ የለውም፤ ስለዚህ የተሰረቀ ዕቃ በቀላሉ ይዘዋወራል፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛትም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ገዢው ከመሃል ዘንግ ቤት ሥር ወይም ከመቀመጫው ቱቦ አጠገብ የተመታውን የፍሬም ቁጥር መዝግቦ፣ የሻጩን መታወቂያ አይቶ፣ ቁጥሩ የተጠቀሰበት አጭር የሽያጭ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት ቢፈራረም ራሱንም ሻጩንም ይጠብቃል። ቁጥሩ በፋይል የተፋቀ ወይም በብየዳ የተሸፈነ ብስክሌት ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይነካ። ቀብድ የሚከፈለው ብስክሌቱ በዓይን ከታየ በኋላ ነው፤ በቴሌግራም ፎቶ ብቻ የተሸጠ ዕቃ ላይ ሻጩ የመሃል ዘንግ ቤቱን፣ የኋላ ሹካውንና የጎማውን ጎን ቁጥር በቅርብ አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ለመላክ ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ጋር ድርድሩን መቀጠል አይገባም።