በሰሜን ሸዋ ታዳጊ ሯጮችን ሳይቸኩሉ ለውድድር የማብቃት ልማድ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ታዳጊ ሯጭን ለክለብና ለዓለም አቀፍ ውድድር የማብቃት ሥራ የሚከናወነው ታዳጊዎች በሚሠለጥኑባቸው ፕሮጀክቶችና ደብረ ብርሃን በሚገኘው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በመገኘቷ የሯጩ አካል ቀይ የደም ሴል በብዛት ያመርታል፤ ይኸው ከፍታ ግን ከከባድ ልምምድ በኋላ ማገገምን ስለሚያዘገይ ያልጠና ልጅን ማጣደፍ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሳይቸኩሉ መብቃት ለድል እንደሚያደርስ የአካባቢው ታላቅ ምስክር የማራቶን ሯጩ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በተባለች መንደር እንደ ተወለደ ይነገራል፤ በልጅነቱም ግቦቹ እጅግ ተራርቀው የሚተከሉበትን የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ክብር ዘበኛ ከገባ በኋላ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። የመጀመሪያ ማራቶኑን በሐምሌ 1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከአንድ ወር በኋላ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጠ፤ ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ነበር። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባወጣ በ35 ቀን ገደማ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት አካባቢው ለክለቦች ሯጭ ማፍራቱን ቀጥሏል።

በዛሬው አሠራር ጀማሪ ልጅ አስፋልት ላይ አይወጣም። ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ ረዘም ያለ ማሟሟቂያ ሠርቶ በባሕር ዛፍ ጫካና በገብስ ማሳ ዳር በአንድ ረድፍ ይሮጣል፤ ከፊት የሚመራውን አንጋፋ መቅደም ነውር ነው። ከ20 ዓመት በታች የሆነ ሯጭ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን እንዳይሮጥ ደንቡ ይከለክላል፤ የጎዳና ውድድር ሽልማት ግን ከደንቡ ቀድሞ ልጁን ይጠራዋል። ብሔራዊው የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ የሯጮች ዕድሜ ለውድድሩ ይመጥናል ወይስ አይመጥንም የሚለው ክርክር ምናልባት ገና ይቀጥላል፤ ጥፋቱን በልጆቹ ላይ መጫን ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

በለጋ ዕድሜ ማራቶን መሮጥን የሚደግፉ ወገኖች ፀጋዬ ከበደን ይጠቅሳሉ። በኦሮሚያ ክልል ባለው ሌላው ሰሜን ሸዋ ዞን የተወለደው ይህ አትሌት በ21 ዓመቱ በቤጂንግ ኦሊምፒክ የማራቶን ነሐስ አግኝቷል። ሆኖም የራሱን ምርጥ ሰዓት፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ፣ ያስመዘገበው ከአራት ዓመት በኋላ ቺካጎ ላይ ሲሆን፣ የለንደን ማራቶንንም ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ከዚያ ወዲህ ነው።